ጸጥታው የማን ነው?

ስለ ብስክሌት ጉዞ የሚጻፍ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ ሁለት ሦስቱን ያነበበ ሰው አራተኛውን ገና ከመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል። ጸሐፊው ስፔን ውስጥ ነው። ጊዜው ማለዳ ነው። ግራና ቀኙ በመስመር የተተከለ ወይን ነው። መኪና የለም። ከኮረብታው ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። መንደሩ ውስጥ አንድ ውሻና አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ውሻው አይጮህም፣ ሽማግሌው እጁን ያነሳል። ቀትር ላይ ጥላ ሥር አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን፣ ዳቦና አይብ ይቀርባል። ማታ እግር ይዝላል፣ ልብ ያርፋል። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የሚደጋግመው ቃል ደግሞ አንድ ነው፤ ጸጥታ።

እኔ ይህን ዓይነት ጽሑፍ እወደዋለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምለው ነገር ሁሉ ከቅናት የመጣ እንዳይመስልብኝ ነው፤ ትንሽ ቅናት የለበትም ግን አልልም። የማነበው ጉብሬ ሆኜ ነው። ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚሄደው አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት፣ ባጃጁና አይሱዙው ጥሩንባ እየተቀባበሉ የሚውሉባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ «ለሦስት ቀን አንድ መኪና አላየሁም» የሚል ጽሑፍ ማንበብ የጆሮ ዕረፍት ነው። ብቻ ደጋግሜ ሳነበው አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፤ ያ ሁሉ ጸጥታ ከየት መጣ? ማን ሠራው? ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ጀፎረ የሚባል ጸጥ ያለ መንገድ ያለው አገር ሰው ይህን መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ለሙያው ክብር እንስጥ። ብስክሌት ለጸሐፊ የሚስማማ ፍጥነት አለው። በመኪና የሚሄድ ሰው ከተማን ከከተማ ያገናኛል፤ መሃሉን የሚያውቀው በመስኮት ነው። በእግር የሚሄደው ደግሞ አንድ ሸለቆ ቀኑን ሙሉ ይበላበታል። ብስክሌተኛው በሁለቱ መካከል ነው። በቀን ሃምሳ ስድሳ ኪሎ ሜትር እየሄደ አፈሩ ይሸተዋል፣ ዳገቱን ጉልበቱ ይነግረዋል፣ የሚቆመውም ባቀደበት ሳይሆን እግሩ እምቢ ባለው ቦታ ነው። ስለዚህ ጥሩ የብስክሌት ጽሑፍ ውስጥ የማንም የጉዞ መመሪያ የማይጠቅሳቸው ቦታዎች ይገባሉ፤ የተዘጋ ሱቅ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ዝናብ ያስጠለለ የጋጣ ጣሪያ። ዝነኛ ቦታዎችን ብቻ መቁጠር ለለመደው የእኛ የጉዞ ጽሑፍ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። እኛ ስለ ጉዞ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ወደ መድረሻው እንዘላለን፤ መንገዱ ራሱ አይጻፍም።

ችግሬ ጸጥታው ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ጸጥታን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚያየው። ፀሐይ እንደምትወጣ ሁሉ መንገዱም እንዲሁ በተፈጥሮው ጸጥ ያለ ይመስላል። ስፔን ውስጥ ግን ያ ጸጥታ ታሪክ አለው፤ በቀንና በዓመት የሚነገር ታሪክ።

በስፔን «ቪያስ ቬርዴስ» የሚባሉ መንገዶች አሉ፤ ትርጉሙ «አረንጓዴ መንገዶች» ማለት ነው። ባቡር መሄድ ያቆመባቸው የሐዲድ መስመሮች ናቸው፤ ሐዲዱ ተነስቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የተስተካከሉ። ሥራው እንደ አገር አቀፍ ፕሮግራም የተጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ ርዝመታቸው ተደምሮ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለብስክሌት የሚመቹበት ምክንያት ቀላል ነው። ባቡር ዳገት አይወድም፤ መስመሩን የቀየሱት መሐንዲሶች ተራራውን ዙረው ወይም በስተውት ያልፋሉ። ስለዚህ ጀማሪም ሆነ ሽማግሌ ሳይሰቃይ ይነዳበታል። ከእነዚህ መንገዶች አንዳንዶቹ የሚያልፉት በወይን አገር ነው፤ በላ ሪዮኻ እና በደቡብ ካታሎኒያ በምትገኘው በቴራ አልታ።

የቴራ አልታን እንውሰድ። ብስክሌተኞች የሚያወድሱት መንገድ ነው። በዋሻ ይገባል፣ በድልድይ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ የወይን እርሻና የወይራ ዛፍ። የጋንዴሳ ከተማ ነጭ ወይን ጠጅ ስሙ የታወቀ ነው። እዚያ ያለው ትልቁ የወይን መጥመቂያ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከመቶ ዓመት በፊት ያሠሩት ነው፤ አሠሪዎቹ ባለጸጎች ሳይሆኑ አነስተኛ ገበሬዎች መሆናቸውን ያስታወሰ ብስክሌተኛ ጸሐፊ ብዙም አላጋጠመኝም። ይሄ ይሁን። በዚሁ አገር በ1938 እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር የኤብሮ ጦርነት ተካሄደ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ከነበሩት ውጊያዎች ረጅሙና እጅግ ደም ያፋሰሰው። ኮርቤራ የሚባለው መንደር አሮጌው ክፍል በቦምብ እንደፈረሰ ለመታሰቢያ ተትቶ ዛሬም ቆሟል። ብስክሌቱ የሚሄድበት የሐዲድ መስመርም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ለዓመታት ሲንጓተት የኖረው የመስመሩ ሥራ በጦርነቱ ጊዜ ለጦር ሠራዊት ፍላጎት ተብሎ የተገፋ ሲሆን የጦር እስረኞችም ጉልበታቸውን ገብረውበታል። ባቡሩ ብዙ ዕድሜ አላገኘም፤ በ1973 እ.ኤ.አ. መስመሩ ተዘጋ።

እንግዲህ በዚያ ዋሻ ውስጥ ባትሪ አብርቶ «ጸጥታው ደስ ሲል!» የሚለው ጸሐፊ የሚሰማው ጸጥታ ቢያንስ ሦስት ድምፅ ተነስቶለት የተገኘ ነው፤ የመድፉ፣ ድንጋይ ሲፈልጡ የነበሩት ሰዎች፣ የባቡሩ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ንባቤን የታሪክ ክፍለ ጊዜ ያድርገው አልልም። ግን ጦርነቱን ስለ ወይኑ ጣዕም ከተጻፈው በኋላ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነክቶ ሲያልፈው፣ ያቺ ግማሽ ዓረፍተ ነገር የጽሑፉን ቀሪ ክፍል ታሳጣለች። ያወቀ ሰው ነው ማለት ነው፤ አውቆ ግን ጸጥታውን እንዲረብሽበት አልፈለገም።

ሁለተኛው ነገር ሽማግሌው ነው። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ መንደሩ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ አለው። ለምን አንድ ብቻ? ልጆቹስ የታሉ? ስፔናዊው ጸሐፊ ሰርኺዮ ዴል ሞሊኖ በ2016 እ.ኤ.አ. «ላ ኤስፓኛ ቫሲያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ «ባዶዋ ስፔን» እንደ ማለት ነው። ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የገጠሩ ሰው ወደ ማድሪድ፣ ባርሴሎናና ቢልባኦ ሲጎርፍ በአገሪቱ መሃል የቀረውን ሰፊ፣ ሰው የሳሳበት ምድር የሚመለከት መጽሐፍ ነው። ስሙ ከመጽሐፉ አልፎ የፖለቲካ ቃል ሆነ። ቀጥሎ የሆነውን ነገር ግን እኔ ከመጽሐፉ በላይ ነው የምወደው። የእነዚያ አውራጃዎች ሰዎች በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ላይ በብዛት ወጥተው ሲሰለፉ ቃሉን ትንሽ አስተካከሉት፤ «ቫሲያ» ሳይሆን «ቫሲያዳ»። ባዶ ሳይሆን ባዶ የተደረገች። ባቡር የተነሳባት፣ ትምህርት ቤት የተዘጋባት፣ ሐኪም የራቀባት ማለታቸው ነው። ቅጽሉን ወደ ግሥ አስጠጉት፤ ግሥ ደግሞ አድራጊ አለው፤ ማን አደረጋት የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል።

ይህ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ከወሰድነው ካነበብኳቸው ሂሶች ሁሉ አጭሩና ጠንካራው ነው። የጸጥታውን ጽሑፍ በሙሉ በዚህ መመዘን ይቻላል። ጸሐፊው መንገዱን «ባዶ» ነው የሚለው ወይስ «ባዶ የተደረገ»? ወይን ለቀማው የሚደርሰው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ እርሻው ሰው በሰው ይሆናል። ከለቃሚዎቹ ብዙዎቹ ከሞሮኮ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ብስክሌተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወይ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ነው። በእሱ ጽሑፍ ወይኑ ራሱን ይለቅማል።

ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ጎን አንዲት የሞላላት የብስክሌት ጸሐፊ ላስቀምጥ። ደርቭላ መርፊ አየርላንዳዊት ናት፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ2022 አርፋለች። ለአሥረኛ ዓመት ልደቷ ብስክሌትና አትላስ ሲሰጣት ወደ ሕንድ በብስክሌት ለመሄድ ወሰነች ይባላል፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ክረምት ላይ ሄደችም። መጽሐፉ በ1965 ወጣ። ለብስክሌቷ ያወጣችላት ስም ሮዚናንቴ ነው፤ የዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም፣ ማለትም ከስፔን ትልቁ የወይን አገር ከላ ማንቻ የመጣ ስም። ቀልድ ብቻ አይደለም። ዶን ኪኾቴ ያየውን ሁሉ ካነበበው መጽሐፍ ጋር የሚያምታታ መንገደኛ ነው፤ ብስክሌቱን በእሱ ፈረስ የሰየመ ጸሐፊ ለራሱ ማስጠንቀቂያ እንደሰጠ እቆጥረዋለሁ።

ይህችው ጸሐፊ በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ እኛ አገር መጣች። ሮዚናንቴን አስቀምጣ በበቅሎ ከሰሜን ተነስታ በትግራይ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደርና በላሊበላ በኩል እስከ አዲስ አበባ ተጓዘች፤ መጽሐፏም በ1968 ታተመ። ብስክሌት ወዳጅ የሆነች ሴት ብስክሌቱን መተዋ ራሱ የንባብ ፍንጭ ነው። መንገዱ የሚፈልገውን እንጂ እሷ የለመደችውን አልያዘችም። መጽሐፎቿን ከጸጥታው ጽሑፍ የሚለያቸው ሌላው ነገር ሰው የሚያቋርጣቸው መሆኑ ነው። ስለ ተራራው እየጻፈች ሳለ ሰው ይመጣል፣ ይጠይቃታል፣ ያበላታል፣ ያስቸግራታል። ገጹ ይረበሻል። ድክመቷም ግን ከዚያው ከፍቅሯ የሚወጣ ነው። የሞተር ዘመንን በግልጽ የማትወድ ጸሐፊ ናት፤ የመኪና መንገድ መምጣት በእሷ ዓይን ብዙ ጊዜ የመጥፎ ነገር መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ እንደ ጉብሬ አንባቢ ቆም የምለው።

ምክንያቱም ለጉራጌ የመኪና መንገድ ከውጭ የመጣበት ረብሻ አይደለም፤ ከኪሱ አውጥቶ የገዛው ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚሠሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም እንደ አቅሙ እያዋጣ፣ ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚያስገባ የመኪና መንገድ አሠርተዋል። መንግሥት እስኪደርስልን ብለው አልተቀመጡም። መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያውቁታል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወርዳለች፣ ቆጮውና ቅቤው ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል፣ ለመስቀል አገሩ መግባት የሚፈልገው ሰው ክረምቱ ያበላሸውን ጭቃ ያንቦጫርቃል። ለእነሱ የመጀመሪያው መኪና ድምፅ ረብሻ ሳይሆን የምሥራች ነበር። ስለዚህ «መኪና የማይደርስበት ሰላማዊ መንደር» የሚለው ውዳሴ በዚህ አገር ጆሮ ሌላ ነገር ይመስላል። የመኪና አለመኖር ጸጋ የሚሆነው ስትፈልግ መኪና ማግኘት ከቻልክ ብቻ ነው። ስፔናዊው ብስክሌተኛ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ስልክ ይደውላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪና ይደርስለታል።

ታዲያ መኪና ይግባ ብለው የለፉት እነዚሁ ሰዎች መኪና እንዳይገባበት፣ እንዳይታጠርበት፣ እንዳይታረስበት ሲጠብቁት የኖሩት ሌላ መንገድ አላቸው። እሱ ነው ጀፎረ።

ለማያውቀው፤ ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚዘረጋ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ አውራ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ፤ ከየቤቱ ጓሮ ደግሞ እንሰቱ ይጀምራል። መንገድ እንበለው እንጂ ሥራው ብዙ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሽማግሌ ይዳኝበታል። መስቀልና አረፋ ሲመጡ ከከተማ የገባው ሁሉ የሚተያየው እዚያ ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም። ወሰኑን የሚጠብቀው ባህላዊው ሕግና የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ይጠየቃል፣ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ መሬት በጠበበበት በዚህ አገር ያን የሚያህል ሜዳ እስከ ዛሬ አይተርፍም ነበር።

ቃል በቃል የስፔኑን ጉዞ እዚህ ልድገመው የሚል ሰው ወይኑን ፍለጋ ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ዝዋይ ድረስ መሄድ ይችላል፤ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻ እዚያ አለ። ግን የታጠረ የኩባንያ እርሻ ነው። ለእኔ ተመሳሳይነቱ ከተክሉ ሳይሆን ከመንገዱ ነው፤ ስለዚህ ጀፎረን ይዤ እቀጥላለሁ።

የጸጥታውን ጽሑፍ ቅርጽ ወስደን በጀፎረ ላይ እንሞክረው። «ማለዳ ነው። ግራና ቀኝ እንሰት። መኪና የለም። አንድ ሽማግሌ እጁን ያነሳል።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ጠቅላላው ግን ውሸት ይሆናል። ሽማግሌው እጁን የሚያነሳው እንግዳውን ለማስዋብ አይደለም፤ ከየት እንደመጣህ፣ የማን ዘመድ እንደሆንክ፣ እነ እገሌ ቤት እንዴት እንዳደሩ ሊጠይቅህ ነው። ጀፎረ ላይ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ሰው የለም። ቤቶቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ መንገዱ ስለሆነ እዚያ ላይ ስትሄድ እያየህ ብቻ ሳይሆን እየታየህም ነው። ለአላፊ ብቻ ተብሎ የተሠራ ቦታ ስላልሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ይመስላል። የስፔኑ አረንጓዴ መንገድ የባቡር አልጋ ነው፤ ሲሠራም ለማለፍ ነው የተሠራው፣ ባቡሩ ሲቀርም ማለፉ ቀጥሏል። ጀፎረ ግን የመንደሩ ሳሎን ነው። ሰው ሳሎን ውስጥ በብስክሌት እያቋረጡ «ጸጥ ያለ ነው» ብሎ መጻፍ ትንሽ አያስቅም?

ጸጥታውም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከጀፎረው ጸጥታ ከፊሉ የሥርዓት ነው፤ መኪና አይግባ፣ አጥር አይገፋ የተባለበት። ከፊሉ ደግሞ የስፔኑ ዓይነት ነው፤ ወጣቱ መርካቶ ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ዐረብ አገር ነው። በመስከረም የሚሞላው ሜዳ በየካቲት የሚጎድለው ሌላ ምክንያት የለውም። እነዚህን ሁለት ጸጥታዎች ለይቶ መስማት የሚችል ጽሑፍ ነው የምፈልገው። አንደኛው ሊጠበቅ ይገባል፤ ሌላኛው ሊጠየቅ።

ከአገር ሰው የተጻፈ ነገር የለም እንዳይባል፤ አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሰባት ቤት ጉራጌ ልጅ ነው። «የሺነጋ መንደር» ብለን የምንጠራውን ሥራውን የጻፈው በቸሃ ቋንቋ ነበር፤ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተመው። አንድ የቸሃ መንደር በራሷ ቋንቋ ተጽፋ ወደ ዓለም የወጣችው በእንግሊዝኛ ነው ማለት ነው፤ ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። በ1969 ደግሞ «አፈርሳታ» የሚለውን ልብ ወለዱን ራሱ በእንግሊዝኛ ጻፈው። የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ የመንደሩ ሰዎች በተደጋጋሚ ተሰብስበው አጥፊውን ያውጣጣሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ስብሰባ፣ ንግግር፣ እንደገና ስብሰባ። ወንጀሉን ፍለጋ ብቻ የሚያነበው ሰው ሊሰለቸው ይችላል። የእኔ ንባብ ግን የተለየ ነው፤ የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው ብዬ አምናለሁ። ብስክሌተኛው ባዶ ሜዳ ብሎ በሚያልፈው ዓይነት ቦታ ላይ ሣህለ ሥላሴ ፍርድ ቤት ያያል፣ ምክር ቤት ያያል፣ ሐሜት ቤትም ያያል። ቦታውን ለማስዋብ ብዙ ቃል አያባክንም። ሰዎቹ እንዲናገሩ ያደርጋል፤ ሲናገሩ ሜዳው በራሱ ይታያል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጀፎረን የሚያሳዩ ፎቶዎች፣ ከላይ በድሮን የተነሱ ቪዲዮዎችና አጫጭር ጽሑፎች ይጎርፋሉ። ሠሪዎቹ የእኛው ዕድሜ ልጆች ናቸው፤ ፍቅራቸው የእውነት ነው። ቋንቋው ግን የማን እንደሆነ እዩት፤ «ጸጥ ያለ»፣ «ያልተነካ»፣ «ሰፊ ባዶ አረንጓዴ ሜዳ»። የስፔኑን ጽሑፍ ባያነቡትም ቅርጹ በሌላ መንገድ ደርሷቸዋል። ይህ የቃላት ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ነገር ግን ጀፎረ በብዙ ቦታ እየጠበበ ነው። አጥር በክንድ በክንድ ይገፋል፤ ባሕር ዛፍና ጫት ጫፍ ጫፉን ይይዛሉ፤ ከተማ ሲሰፋ መስመሩን ይቆርጠዋል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ ባዶ ነው። «ባዶ መሬት እኮ ነው፣ ምን ይሠራል?»

ያ ቃል ከውዳሴው ጽሑፍ ጋር አንድ ቃል ነው። አንዱ ቦታውን ባዶ ነው ብሎ ያደንቀዋል፤ ሌላው ባዶ ነው ብሎ ያጥረዋል። አድናቂው ምንም ክፋት የለበትም፤ ለአጣሪው ግን ቃሉን አውሶታል። የስፔን ገጠር ሰዎች አንድ ቅጽል ለማስተካከል ማድሪድ ድረስ የሄዱት ለዚህ ይመስለኛል። እኛ ገና ቃሉን እያስገባን ነው።

በሌላ በኩል አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ብስክሌተኛና እንግዳ ቢመጣስ ምን አለበት? የስፔን አረንጓዴ መንገዶች ለተራቆቱት መንደሮች እንግዳ አምጥተዋል፤ አሮጌ ጣቢያዎች ማደሪያና ካፌ ሆነዋል። እኛም ዘንድ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል፤ መንገድ መሪ፣ ብስክሌት አከራይ፣ ክትፎ አቅራቢ መሆን ይችላል። እስማማለሁ። አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉልኝ። እዚያ ብስክሌቱ የገባው ባቡሩ ለቆት በወጣው ቦታ ላይ ነው። እዚህ የሚገባው ሰው ባለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ ጥሩ መሆኑ ሳይሆን ባለመንደሮቹ መፍቀዳቸው ነው። ጸሐፊም ከብስክሌተኛ የተለየ መብት የለውም።

ከመኪና ነፃ ማለት ከሰው ነፃ ማለት እንዳልሆነ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ፣ እሑድ ቀን፣ አንዳንድ ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለስኬት ተከፈቱ። የንቅናቄው ስም «መንገድ ለሰው» ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ጥሩ ተቺ ነው። «ጸጥ ያለ መንገድ» አላለም፤ መኪናው የሄደው ለምን እንደሆነ ነው የተናገረው። በእነዚያ እሑዶች አስፋልቱ ላይ ጸጥታ አልነበረም፤ ኳስ፣ ሙዚቃ፣ የልጆች ጩኸት ነበር። ሣር ጎደለው እንጂ ለጥቂት ሰዓት ጀፎረ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ከእኛ መሃል ስለ ጀፎረ፣ በብስክሌትም ይሁን በእግር፣ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ሁሉ ንባብ የማወጣው ምክር ረጅም አይደለም። ከብስክሌተኞቹ ፍጥነቱን እንውሰድ፤ ዳገቱን በጉልበት ማወቁን፣ በማይጠቀስ ቦታ መቆሙን። ከደርቭላ መርፊ መቋረጥን እንውሰድ፤ ሰው ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን ትቶ ማዳመጥን። ከሣህለ ሥላሴ ሜዳው ላይ የሚነገረውን መመዝገብ። «ባዶ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለጊዜው ከመዝገበ ቃላታችን እናውጣው። ሜዳው ላይ ማንም በሌለበት ሰዓት ከደረሳችሁ ማን እንደነበረና የት እንደሄደ ጠይቁ። የጀፎረውን ስም፣ ወሰኑ የት ድረስ እንደነበር፣ መጨረሻ የተቀጣው አጥር ገፊ ምን እንደከፈለ የሚነግራችሁ ሰው ከሁለቱ መስመር ቤቶች በአንዱ በራፍ ላይ ተቀምጧል። ቡና ሳይጠጡ መሄድ እንደማይቻል ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ የዕለቱ ኪሎ ሜትር ይጎድላል።